«ሹገር ፍሪ» የተጻፈው ከፊት ነው፤ ሙሉው መልስ ግን ከጀርባ ነው

 

የከተማ ሙስሊም ወጣት አንድ የሚያስመሰግነው ልማድ አለ። ሱፐርማርኬት ገብቶ ከውጭ የመጣ ከረሜላ ሲያነሳ ዝም ብሎ ወደ ዘንቢሉ አይጨምረውም። ማሸጊያውን ገልብጦ የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነባል። «ጄላቲን አለበት? ካለበትስ ከምን እንስሳ የወጣ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኢ-120 የሚባለው ቀይ ቀለም ከነፍሳት እንደሚወጣ የሚያውቅ ስንት ወጣት አለ! ወደ ሆዱ የሚገባውን የሚመረምር ትውልድ ማየት ደስ ይላል።

ችግሩ ብዙዎች ምርመራውን እዚያው ላይ ማቆማቸው ነው። ሐላልነቱ ከተረጋገጠ፣ ከፊት ለፊቱም በትልቁ «ሹገር ፍሪ» ከተጻፈበት፣ ልብ ሙሉ በሙሉ ያርፋል። «ስኳር የለውም፤ እንግዲህ ጥርስ አይጎዳም» ይባልና ጠዋት የተከፈተው ፓኬት ከሰዓት ያልቃል። በዚህ ጽሑፍ ማለት የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ሹገር ፍሪ ከረሜላ ከባለ ስኳሩ ይሻላል። ይሻላል ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ቅንጣት ስኳር ሳይኖረው ጥርስን ያሟሟል። ልዩነቱን የሚነግረን ደግሞ ያው የለመድነው የጀርባ ጽሑፍ ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

«የጥርስ ነገር ምን ያህል ነገር ነው?» የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የአፍ ውስጥ ሕመም እንዳለባቸው ገልጿል። ከሁሉም በብዛት ቀዳሚው ሳይታከም የቆየ የተቦረቦረ ጥርስ ነው።

በእኛ ከተሞች ብዙ ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳው ነው። እስከዚያ ቅርንፉድ እየነከሰ፣ ማስታገሻ እየዋጠ ይሰነብታል። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ማስሞላት የሚቻልበት ጊዜ አልፎ ማስነቀል ብቻ ይቀራል። የተነቀለ ቋሚ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። የሃያ ዓመት ወጣት ያጣውን መንጋጋ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንዳጣው ይኖራል።

ጣፋጩ ግን ሳንፈልገው ጭምር እጃችን ይገባል። ባለ ሱቁ «ዝርዝር የለኝም» ካለ መልሳችንን በማስቲካና በከረሜላ ይሰጠናል። ሠርግ ላይ ከረሜላ፣ ዒድ ላይ ከረሜላ፣ ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ፣ ልጅ ጎበዝ ሲሆንም ከረሜላ። ስለዚህ «ስኳር የለውም» የሚል ከረሜላ ሲመጣ እፎይ ማለታችን አያስገርምም። እፎይታው ግን በእውቀት ላይ የቆመ ይሁን ነው የምንለው።

ጥርስ የሚቦረቦረው እንዴት ነው?

አያቶቻችን «ጥርሱን ትል በላው» ይሉ ነበር። ትል የለም፤ የሚበላ ሕያው ነገር መኖሩን ግን አልሳቱም። ጥርሳችን ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ስስ ሽፋን ሠርተው ይኖራሉ። ስኳር ሲያገኙ ይመገቡትና አሲድ ያመነጫሉ። አሲድ የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በረታ ማለት ነው። ጥርሱ ላይ ያለው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ፣ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርስ ሽፋን ካልሲየምና ፎስፌት መልቀቅ ይጀምራል።

አላህ ለዚህ መከላከያ አድርጎልናል፤ እሱም ምራቅ ነው። ምራቅ አሲዱን ያለዝባል፤ የወጣውን ማዕድንም ወደ ጥርሱ ይመልሳል። ሥራው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አንድ ጊዜ ጣፋጭ በልቶ ላቆመ ሰው ምራቅ ይደርስለታል። በየሃያ ደቂቃው አንድ ከረሜላ ለሚጨምር ሰው ግን ጥገናው ሳያልቅ ጉዳቱ ይደገማል።

ይህንን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ ከ1945 ጀምሮ በስዊድን ሉንድ ከተማ፣ ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም የተደረገ ጥናት ነው። አንዳንዶቹ ሕሙማን ስኳሩን ከምግብ ጋር ወሰዱ፤ ሌሎቹ በምግብ መሀል የሚጣበቅ ቶፊ ከረሜላ ተሰጣቸው። በምግብ መሀል ደጋግመው ቶፊ የበሉት ሰዎች ጥርስ እጅግ ከፋ። ጥናቱ እምቢ ማለት በማይችሉ ሰዎች ላይ በመደረጉ እስከ ዛሬ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ያሳየን ነገር ግን እውነት ነው፤ ወሳኙ ምን ያህል ስኳር በላህ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ በላህ፣ አፍህ ውስጥስ ምን ያህል ቆየ የሚለውም ነው። በርጫ ላይ ተቀምጦ ለሰዓታት ለስላሳ የሚጎነጭ ወንድማችን ይህችን ነጥብ ሁለት ጊዜ ያንብባት።

ሹገር ፍሪ የሚጠቅመው የት ላይ ነው?

ለማውገዝ ብለን ሐቁን አንደብቅም። በሹገር ፍሪ ከረሜላ ውስጥ በስኳር ፋንታ የሚገቡት ብዙውን ጊዜ ሶርቢቶል፣ ማልቲቶል፣ አይሶማልትና ዛይሊቶል የሚባሉ ማጣፈጫዎች ናቸው። ለምላሳችን ጣፋጭ ናቸው፤ የአፍ ባክቴሪያዎች ግን እንደ ስኳሩ አይጠቀሙባቸውም። ወይ በጣም ጥቂት አሲድ ያወጡባቸዋል፣ ወይም እንደ ዛይሊቶል ከሆነ ጭራሽ አያወጡም። ስለዚህ አንድ ከረሜላ መብላት ካልቀረ፣ ባለ ስኳሩን ትቶ ሹገር ፍሪውን መምረጥ ለጥርስ የተሻለ ነው። በዚህ ክርክር የለንም።

ሹገር ፍሪ ማስቲካ ደግሞ ከከረሜላውም ይሻላል። ምክንያቱ ማኘኩ ነው፤ ማኘክ ምራቅ ያበዛል፣ ምራቅም አሲዱን ያጥባል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሹገር ፍሪ ማስቲካ የዕውቅና ማኅተሙን ሰጥቷል። ምክሩ ግን «ቀኑን ሙሉ አኝክ» የሚል አይደለም፤ ከምግብ በኋላ ለ20 ደቂቃ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም አምራቾች ማሸጊያ ላይ ይህንን ጥቅም እንዲጽፉ ሲፈቅድ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ይኸው ነው፤ ከተበላ ወይም ከተጠጣ በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይታኘክ ብሏል።

ሹገር ፍሪ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

«ሹገር ፍሪ» የሚለው ቃል የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስኳር አለው ወይ?» የሚለውን። የሚከተሉትን ጥያቄዎች አይመልስም።

1ኛ፦ አሲድ አለው ወይ? የሎሚ፣ የብርቱካን፣ የእንጆሪ ጣዕም ያላቸው ጎምዛዛ ከረሜላዎች ጉምዘዛቸውን የሚያገኙት ከሲትሪክ አሲድ ወይም ከማሊክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ባክቴሪያ እስኪያመርተው አይጠብቅም፤ ከከረሜላው ጋር ተዘጋጅቶ ይመጣል። ከረሜላው እስኪሟሟ ድረስ ጉንጭ ሥር ተቀምጦ ያንኑ ጥርስ ያጥበዋል። ሐኪሞች ይህን የኢናሜል መሸርሸር ይሉታል፤ የተሸረሸረ ኢናሜል ደግሞ መልሶ አያድግም። ጥርሱ ይሳሳል፣ ቢጫነቱ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጠዘጥዛል። ሰውየው ግን «እኔ እኮ ስኳር አልበላም!» እያለ ይገረማል።

ስዊዘርላንድ ውስጥ የተጀመረ አንድ ምልክት ይህንን ልዩነት ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ጃንጥላ የያዘች ፈገግተኛ ጥርስ የምትመስል ሥዕል ናት፤ «ለጥርስ ተስማሚ» ለማለት ማሸጊያ ላይ ትደረጋለች። ምልክቷን ለማግኘት ስኳር አለመኖሩ ብቻ አይበቃም። ከረሜላው ፈቃደኛ ሰዎች አፍ ውስጥ በመለኪያ ይፈተናል፤ እየተበላ ሳለና ከተበላ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የጥርሱ ሽፋን ፒኤች ከ5.7 በታች መውረድ የለበትም። ከራሱ ከከረሜላው የሚመጣው አሲድም ለብቻው ይታያል። ስኳር ሳይኖረው በአሲዱ ምክንያት የሚወድቅ ከረሜላ አለ ማለት ነው።

2ኛ፦ ጥርስ ያጸዳል ወይ? አያጸዳም። የአዝሙድና ወይም የሚንት ሽታ አፍን የጸዳ ያስመስለዋል፤ ሽታና ንጽሕና ግን ለየቅል ናቸው። በጥርስ መሀል የተሰነቀረው የምሳ ትርፍራፊ እዚያው ነው፤ የባክቴሪያው ሽፋንም እዚያው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲዋክን አብዝተው ይጠቀሙና በእሱም አጥብቀው ይመክሩ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። ሲዋክ ጥርስን ይፍቃል፤ ከረሜላ በጥርስ ላይ ይንሸራተታል። የወይራ መፋቂያ በየመንገዱ በትንሽ ገንዘብ እየተሸጠ፣ በብዙ ብር የተገዛ ሚንት ከረሜላ ኪስ ውስጥ ይዞ «አፌን እጠብቃለሁ» ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው።

3ኛ፦ መድኃኒት ነው ወይ? «ዛይሊቶል ጥርስ ያክማል» የሚል ማስታወቂያ በርክቷል። ዛይሊቶል ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ በተደረጉ ጥናቶች ነው፤ ውጤቱም ተስፋ ሰጪ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ወደ 700 የሚጠጉ አዋቂዎች ለ33 ወራት በየቀኑ የዛይሊቶል ከረሜላ እንዲመጡ ተደርጎ እ.ኤ.አ በ2013 ውጤቱ ሲታተም፣ በአጠቃላይ የጥርስ መቦርቦርን በጉልህ አልቀነሰም። እ.ኤ.አ በ2015 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማም ዛይሊቶል ያለባቸው ከረሜላዎችና ማስቲካዎች መቦርቦርን ይከላከላሉ ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ዛይሊቶል ስኳርን ተክቶ ጉዳት ቢቀንስ እሰየው፤ «ያክማል» የሚለው ግን ከማስረጃው በላይ ነው።

4ኛ፦ የፈለግነውን ያህል ይበላል ወይ? አይበላም። እነዚህ ማጣፈጫዎች አንጀት ውስጥ በሙሉ አይመጠጡም፤ ሲበዙ ሆድ ይነፋሉ፣ ተቅማጥ ያመጣሉ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ10 በመቶ በላይ እነዚህ ማጣፈጫዎች የተጨመሩበት ምግብ ከመጠን በላይ ሲበላ ሊያስቀምጥ እንደሚችል ማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። የልጅ ሆድ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይረበሻል።

«ታዲያ ወደ ስኳሩ እንመለስ?» ለሚሉን

ይህንን ስንል ከሁለት ወገን ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። አንደኛው ወገን «ሁሉም የሚጎዳ ከሆነ የጣፈጠንን እንብላ» ይላል። መልሳችን፦ ሁሉም እኩል አይጎዳም። ጉምዘዛ የሌለው ሹገር ፍሪ፣ ከምግብ በኋላ፣ በመጠኑ ሲበላ ለጥርስ ያለው አደጋ ትንሽ ነው። ባለ ስኳሩ፣ የሚጣበቀው፣ ቀኑን ሙሉ የሚመጠጠው ግን አደጋው ትልቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማጥፋት ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን «ይሄ ሁሉ ኬሚካል ነው፤ እኛ ተምርና ማር አለን» ይላል። ተምርና ማር የአላህ ጸጋ ናቸው፤ በረከታቸውን የሚክድ የለም። የአፍ ባክቴሪያ ግን ስኳሩ ከፋብሪካ ይምጣ ከቀፎ አይለይም። ተምር የሚጣበቅ ነው፤ ጥርስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ይህ ተምርን የሚያስተው አይደለም። በኢፍጣር ሰዓት ተምሩን በልቶ ውሃ ጠጥቶ ለመግሪብ የሚነሳ ሰው ጥርሱን አልበደለም። የሚበድለው ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ያለማቋረጥ አፉን ጣፋጭ ሳያሳጣ የሚያመሽ ነው፤ ቀን ያረፈው ጥርስ ሌሊቱን ሙሉ ይቀጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የለመድነውን ማሸጊያ የመገልበጥ ልማድ አንድ መስመር ዝቅ እናድርገው። በላቲኑ «ኢ» ፊደል የሚጀምሩትን ቁጥሮች ተመልከቱ። ኢ-330 ሲትሪክ አሲድ፣ ኢ-296 ማሊክ አሲድ ነው። እነዚህ ካሉበት፣ በተለይ ከዝርዝሩ ወደ ላይ ከተጻፉ፣ «ሹገር ፍሪ» የሚለው አያታልላችሁ። ኢ-420 ሶርቢቶል፣ ኢ-953 አይሶማልት፣ ኢ-965 ማልቲቶል፣ ኢ-967 ዛይሊቶል ነው፤ የስኳሩ ምትኮች እነዚህ ናቸው። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚለው ደግሞ ከ«ሹገር ፍሪ» የተለየ ነው። ካልተጨመረበትም ከፍራፍሬው በራሱ የመጣ ስኳር ሊኖረው ይችላል።

ሰዓት ምረጡለት። ከረሜላም ሆነ ማስቲካ ከምግብ በኋላ ይሁን፤ በምግብ መሀል ጥርስ ይረፍ። ጎምዛዛ ነገር ከተበላ በኋላ ወዲያው በብሩሽ መፈግፈግ የለሰለሰውን ኢናሜል ይገፍፋል። በውሃ መጉመጥመጥ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ይሻላል። ለውዱእ በቀን ስንት ጊዜ አፋችንን የምንጉመጠመጥ ሰዎች ነን፤ ይህ ልማድ ለእኛ ከባድ አይደለም። ከዚህ በላይ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽን ምንም ከረሜላ አይተካውም።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ቤተሰቦች ላሏችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የደም ስኳር በድንገት ሲወርድ የሚያነሳው እውነተኛ ስኳር ነው። በዚያች ሰዓት ሹገር ፍሪ ከረሜላ ማጉረስ አይጠቅምም፤ ውድ ደቂቃም ያባክናል። ለዚህ ተብሎ ኪስ ውስጥ የሚቀመጠው ከረሜላ የቱ እንደሆነ ለይታችሁ ያዙ።

ስለ መድረሳ ልጆች

ንግግራችንን የምናጠነክረው እዚህ ላይ ነው። በብዙ መድረሳዎች አንድ ልጅ ሱራ ሐፍዞ ሲያሰማ ከረሜላ ይሸለማል። ነይያው ያማረ ነው፤ ልጁ ቁርአንን ከደስታ ጋር እንዲያያይዝ ነው። ልጁ ግን ዛሬ ይሸለማል፣ ነገም ይሸለማል፤ ጎበዙ ልጅ ከሁሉ በላይ ይሸለማል። ሒፍዙ በበረታ ቁጥር ጥርሱ ሊጎዳ ነው ማለት ነው። ይህ ለሐፊዝ የሚገባ ሽልማት አይደለም።

«ሹገር ፍሪ እንግዛላቸው» የሚል ሐሳብም ይነሳል። ዋጋው ግን ብዙ መድረሳ የሚችለው አይደለም፤ ከዚያም በላይ ልጁ የሚማረው ያው ነው፤ «መልካም ሥራ ማለት አፍ ውስጥ የሚገባ ጣፋጭ ነገር ነው» የሚለውን። እኛ የምንለው ሽልማቱን እንቀይረው ነው። እርሳስ፣ ደብተር፣ ሙዝ፣ ከፍ ላሉት ልጆች ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ፣ በየሩብ ዓመቱ የጥርስ ብሩሽ። አንድ መፋቂያ ቆርጦ ለልጁ ሰጥቶ አጠቃቀሙን ማሳየት ደግሞ ሽልማትም ሱናም ነው። ኡስታዞች «ጎበዝ!» ብለው በጀማዓው ፊት ራሱን ሲዳብሱት ልጁ ከከረሜላው የበለጠ ያስታውሰዋል።

ወላጆችም ከሱቅ መልስ የመጣውን ከረሜላ ሁሉ ለልጅ የማሳለፍ ግዴታ የለባችሁም። ለነጋዴ ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን፤ ጎምዛዛውን ከረሜላ «ለልጅ ጥርስ ተስማሚ ነው» ብላችሁ አትሽጡ። ስታውቁ ከሆነ ማታለል ነው፤ ሳታውቁ ከሆነ ደግሞ ዝም ማለት ይሻላል። ገዢው የሚከፍላችሁ ቃላችሁን አምኖ ነውና።

ውድ ወጣቶች! ሐላል መሆኑን ማረጋገጥ የምርመራው መጀመሪያ ነው፤ ጠዪብ፣ ማለትም መልካምና የማይጎዳ መሆኑን መጠየቅ ደግሞ ቀጣዩ ነው። ጥርሳችን አላህ የሰጠን አማና ነው፤ ቁርአን ስንቀራ ፊደሉ ከመኽረጁ የሚወጣው በምላስና በጥርስ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ያለውን የከረሜላ ፓኬት አውጡና ጀርባውን አንብቡ። ያገኛችሁትን ለታናናሾቻችሁ ንገሯቸው።

አላህ ከሰጠን ጸጋ በልክ የምንጠቀም፣ ያወቅነውንም የምንሠራበት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።